ከአስር አስራ ሁለት

ሥራዬ የመድኃኒት ጥናቶችን አንብቦ መመዘን ነው። ስድስት ወር ሙሉ የመዘንነው የወገብ ሕመም ክኒኖችን ነበር። እኔና ባልደረባዬ እያንዳንዱን ጥናት ለየብቻችን አንብበን ነጥብ እንሰጣለን፤ ሁለታችንም ነጥባችንን እስክናስረክብ ድረስ ስለ ጥናቱ መነጋገር ክልክል ነው። ባልደረባዬን “ምናልባት” ብለን ነው የምንጠራው። ዝናብ እየደበደበው “እየዘነበ ነው እንዴ?” ቢሉት እንኳ መልሱ ያው ነው።

ያን ሁሉ ለፍተን ያገኘነው ነገር ብዙ አያስፎክርም። አንዱ ክኒን ምንም ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን አይሻልም። ሌላው ትንሽ ይሻላል፣ ግን ጨጓራ ይልጣል። ጡንቻ የሚያላላው ደግሞ ለጥቂት ቀን ያግዝ ይሆናል፣ ግን ያዞራል፣ ያስተኛል።

እናቴ የምትውጠው ይህንኑ የሚያዞረውን ነበር። አርባ ዓመት ልብስ ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ወገብ ነው ያላት። ሐኪሟ ያዘዘላት ለአስር ቀን ሲሆን እሷ ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ከማን አንሼ ብዬ የመሥሪያ ቤቱን መጠይቅ ይዤ ቤቷ ሄድኩ።

“ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?”

“አስራ ሁለት።”

“እማዬ፣ ከአስር አስራ ሁለት የለም።”

“ወገቡ የማነው?”

ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ያን ሰዓት ሻይ እየቀዳችልኝ ነበር፤ ከሰባት በላይ ያመመው ሰው ሻይ አይቀዳም ብዬ ነው። ከዚያ “ማስረጃው ደካማ ነው፣ ደግሞ አዙሮሽ ትወድቂያለሽ፤ በእግር መሄድ ነው የሚሻልሽ” ብያት ክኒኑን ኪሴ ከተትኩት። ስለ መውደቁ እውነቴን ነው፣ ፈርቼ ነበር።  እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔማ ጭራሽ መውጋቴንም አላወቅኩም፣ ያዳንኳት ነበር የመሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን ጥናት ከታችኛው መደርደሪያ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ቀጭ አለ። ወለሉ ላይ ተዘረርኩ።

“ወገቤ! ወገቤ!”

ምናልባት ከወንበሩ ሳይነሳ አየኝ። “ነጥብህን አስረክበሃል?”

“አላስረከብኩም!”

“እንግዲያው ስለ ወገብ መነጋገር ክልክል ነው።”

በኋላ ላቤን ሲያይ ደነገጠና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። “ከአስር ስንት ነው?”

“አስራ ሁለት!”

“ከአስር አስራ ሁለት የለም።”

“ወገቡ የማነው?” አልኩና ራሴን ሰምቼ ኩም አልኩ። ሰባት ብዬ የጻፍኩባት እናቴ ትዝ አለችኝ።

ቢሮው እስከ ጣሪያው ስለ ክኒን በተጻፈ ወረቀት ተሞልቷል፤ ክኒን ግን የለም። ከአንድ ቦታ በቀር።

“ሦስተኛው መሳቢያ” አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። “ከመጠይቁ ሥር።”

የእናቴን ክኒን ማሸጊያ አገላበጠው። “ይኸን እኮ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠኸው አንተ ነህ።”

“አምጣው አልኩህ!”

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። “ሠራልኝ!”

“ምናልባት። ባትውጠውም ትነሳ ነበር ይሆናል። ለማወቅ ሌላ አንተ አጠገብህ ተኝቶ ማስመሰያውን መዋጥ ነበረበት።”

ሌላ እኔ ቢኖርማ ተነስቶ በጥፊ ያጮለኝ ነበር። በምናልባት ስልክ ደወልኩላት።

“እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ እንዳትዘጊው። ወገቤን ያዘኝ።”

 “ከአስር ስንት ነው?” አለችኝ።

አፈርኩ። ግን ሌላ ቁጥር አልነበረኝም። “አስራ ሁለት።”

“ውይ ልጄን! መጣሁ።”

በቃ። አልተከራከረችኝም። ወለሉ ላይ ተመልሼ ተኛሁ፤ እንባዬ የመጣው ከወገቤ አልነበረም።

ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየፎቁ ስትቆምና ስታቃስት እዚያው ተኝቼ ሰማኋት። ገብታ ወንበሬ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“ክኒኔን የት አደረስከው?”

“አንዷን ዋጥኳት።”

“ረዳችህ?”

“ምናልባት” አለ ባልደረባዬ።

ወገቧን ይዛ ሳቀች።

“የቀረውን አልመልስልሽም” አልኳት። “ግን ሐኪምሽ ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ።”

“በእግር ነዋ! ይሻላል ብለህ የለ?”

የድሮውን መጠይቅ ከመሳቢያው አስወጣሁና ሰባቷን ሰረዝኳት። “ዛሬ ስንት ነው፣ እማዬ?”

“ደረጃው ላይ አስራ ሦስት። አሁን አንተን ካየሁ በኋላ ዘጠኝ።”

ምናልባት አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ገላመጥኩትና ሁለቱንም እንዳለችው ጻፍኩ።