ሰባተኛው ጉድለት

ኮሌጁ መረጃ የሚያከማችባቸውን ሰርቨሮች ከአንድ ቦታ ሆነን የምናዝበትን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥዕል የለው፣ የሚጫን ቁልፍ የለው፤ ትእዛዙን ትጽፍለታለህ፣ ይፈጽማል።

የሚታወቁ ጉድለቶቹን የያዘ ገጽም አዘጋጅቼ ነበር። ስድስት ጉድለት፣ ከየጉድለቱ ሥር መላው። ሰባተኛውን ግን አልጻፍኩትም። አሥረኛው ሰርቨር ሲመጣ ነው የደረስኩበት፤ «ሰርቨር 1ን ባዶ አድርግ» ስትለው በ1 የሚጀምረውን ሁሉ ስለሚወስድ 10ንም አብሮ ባዶ ያደርጋል። መላው ቀላል ነው፤ ከ1 በኋላ ነጥብ ማስቀመጥ። እኔ ነጥቧን እያስቀመጥኩ ዝም አልኩ። ጀማሪ እንኳ የማይሳሳተው ስሕተት ስለነበር አፈርኩ። ነገ አርመዋለሁ ስል አምስት ወር አለፈ።

አባ ዝግታ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባ ነበሩን። ትእዛዝ ሁለቴ ሳያነቡ አይነኩም፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያሉ ያበሽቁን ነበር። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ስቸኩል ሲያዩኝ «አንተ ቀዥቃዣ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰርቨር 1ን ባዶ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ገጹን አነበቡ፣ ትእዛዙን ሁለቴ አዩ፣ ፈጸሙ። 10ም አብሮ ባዶ ሆነ። 10 ላይ ከአሮጌ ሰርቨር የተዛወረ የአንዲት መምህርት የሦስት ዓመት ጥናት ነበር፤ የአርባ ጉድጓዶች የውሃ ልክ፣ በየሳምንቱ የተለካ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም።

አለቃችን «መጀመሪያ 10 ጽፈው፣ ኋላ 1 ብለው ደግመዋል። ዕድሜ ነው መቼስ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ መዝገቡን እይልኝ።»

ፕሮግራሙ የታዘዘውን ሁሉ ይመዘግባል። አየሁት። «1» ይላል፣ አንዴ ብቻ።

«ግልጽ አይደለም» አልኩት። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እስካሁን አላውቅም።

አባ ዝግታ አልተከራከሩም። መምህርቷን ይቅርታ ጠየቁ፤ ዕቃ ክፍል ተዛውረው ኪቦርድና ገመድ ማደል ያዙ። በዚያው ሳምንት ዓይናቸውን ሊመረመሩ ሄዱ። ቁጥር ሲያነቡ በጣታቸው መከተል ጀመሩ። እኔ ኮሪደር ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ባለቤታቸው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የጋሼህ ዓይን ደህና ነው ተባለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታዲያ ጭንቅላቱ ይሆን? አብረኸው ትውላለህና፣ ሲረሳ፣ ሲዘባርቅ አይተህ ታውቃለህ? እንዳትደብቀኝ።»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ።

መዝገቡን በወረቀት አትሜ ዕቃ ክፍል ወረድኩ።

«ጋሼ፣ የጻፉት 1 ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አውቅ ነበር።»

ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከአምስት ወር በፊት።»

«ገጹ ላይ ለምን አልጻፍከውም?»

«አፍሬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔኮ ሚስቴ ሳታየኝ የልጆቼን የልደት ቀን በቃሌ እየቆጠርኩ፣ ራሴን ስፈትን ነው የከረምኩት» አሉ። ከዚያ በሩን አሳዩኝ። «ሂድ፣ ለመምህርቷ ንገራት። ለአለቃውም። እኔ አልነግርልህም።»

ሄጄ ነገርኳቸው። አለቃው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። መምህርቷ አልጮኸችብኝም፤ «ያን የመሰለ ሰው ይቅርታ አስለመንከው» ብቻ አለች። ሰባተኛውን ጉድለት ገጹ ላይ ጻፍኩ፤ በዚያው ከሰዓት ፕሮግራሙንም አረምኩት። የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃ ነው።

አባ ዝግታ ወንበራቸው ላይ ተመልሰዋል። አይቆጡኝም፣ ሰላምታም አይነፍጉኝም። ብቻ «አንተ ቀዥቃዣ» ማለታቸው ቀርቶ «እርስዎ» ይሉኛል።

የመምህርቷ የሁለት ዓመት የመስክ ደብተሮች ተገኝተዋል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት እየገባሁ ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ አስገባላታለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ግን ወረቀት ላይ አልሰፈረም ነበር፤ እሱ ጠፍቶ ቀረ።