ቀድሞን የደረሰው መነጽር

የምነግራችሁ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ መሪ የምይዝበት እጄ ይድረቅ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተር ጥሎ መሪ ለያዘ ሰው ይህ ቀላል መሐላ አይደለም።

ማክሰኞ ጠዋት ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት ወጥተን አቧራውን እያቦነንን ስንወርድ አለቃዬ ኪሳቸውን መደባበስ ጀመሩ። የኮታቸውን፣ የሱሪያቸውን፣ ቀጥሎ የእኔን።

"መነጽሬን አየህልኝ?"

"ግንባርዎ ላይ የለም?"

"ግንባሬንማ ሦስቴ ዳሰስኩት።"

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ረስተውት መውጣታቸው ነው።

"እንመለስ ጋሼ?"

"የለም፣ ገና ሦስት ትምህርት ቤት ይቀረናል። ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይፈለጋል። እንግዲህ ዛሬ ዓይኔ አንተ ነህ።"

"አለቀልን በሉኛ!"

አለቃዬ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበላይ ኃላፊ ናቸው። አምና አንድ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት መቶ መጻሕፍት ይኑሩት፣ አንድ እንኳ ከጎደለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሉ ይዘጋ የሚል። እንዲህ ያከረሩት የላይኞቹ ደንግጠው መጻሕፍት ይልካሉ ብለው ነው። የላይኞቹም ደብዳቤውን ወደዱት፣ ማኅተም አሳረፉበት፣ መጻሕፍቱን ግን እስከ ዛሬ አልላኩም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት መደርደሪያው ጢም ብሎ ጠበቀን። አለቃዬ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ስንት ይላል?"

"ሁለት መቶ ይላል። ከሥሩ ደግሞ 'ኃላፊው ለሾፌራቸው ምሳ ይጋብዙ' ይላል።"

"ቀጣፊ!" ብለው ሳቁ። ደስ ብሏቸዋል። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሻይ ጠጡ፣ መምህራኑን ሰብስበውም ስለ ትምህርት ጥራት ተናገሩ። ይህ ንግግር በሰዓት ቢለካ ከአንድ ሰዓት ዝቅ ብሎ አያውቅም። ሁለት መምህራን ዓይናቸውን ገልጠው እንደሚተኙ በዓይኔ አይቻለሁ።

መኪና ውስጥ ስንገባ "አየህ?" አሉኝ። "አምና እዚያ ክፍል የተሰበረ ወንበር ነበር የተከመረበት። መምራት ማለት ሰው የማይችለውን ጠይቆ ጠብቆ ማየት ነው።"

እኔ መንገዱን አየሁ።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ስንደርስ ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ቆማለች፤ ሞተሯ ገና አልበረደም። ርዕሰ መምህርቷ ግንባራቸውን እየጠረጉ ተቀበሉን። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስምንት ልጆች እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች አድርገው፣ ፊታቸው የተዘጋ መጽሐፍ ተቀምጦላቸው፣ ፎቶ እንደሚነሱ ሰዎች ደርቀዋል።

"ጋሼ፣ ያቺን ቀይ መጽሐፍ ፊቷ ያለውን ልጅ ይጠይቋት እስቲ" አልኩ።

ጠጋ አሉ። "ምን እያነበብሽ ነው የኔ ልጅ?"

"አትንኩ ተብለናል።"

"ለምን?"

"ከቆሸሸ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ይጣሉናል።"

ርዕሰ መምህርቷ ሳል ያዛቸው። አለቃዬ ቀዩን መጽሐፍ አንስተው ገለጡት። ከመሐሉ መነጽራቸው ወጣ።

አደረጉት። መደርደሪያውን አዩ፣ በመስኮቱ የጭነት መኪናዋን አዩ፣ ርዕሰ መምህርቷን አዩ።

"እኔ የመጣሁት በመኪና ነው። ይሄ በምን መጣ እህቴ?"

ሴትዮዋ የልጆች ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። "እሱም በመኪና ነው ጋሼ። ለአራታችንም ያሉን እነዚህ ሁለት መቶ ብቻ ናቸው። እርስዎ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱን ያያሉ፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። እርስዎ ሲናገሩ እኛ እንጭናለን።"

"ስለ ጥራት ስናገር?"

"እሱ ላይ ረዘም ያደርጉታል።"

አለቃዬ ለመሳቅ ሞክረው አቃታቸው። ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው።

"እውነቱን ብጽፍስ?"

"አራታችንም ጋ ሰባተኛና ስምንተኛ ይዘጋል። ይቺ ልጅ ከተማ ለመማር ሁለት ሰዓት በእግሯ ልትሄድ ነው። አባቷ አይልካትም፤ ጠይቄዋለሁ።"

"ሁለት መቶ አላቸው ብዬ ብጽፍስ?"

"ካላቸው ምን ያደርግላቸዋል ተብሎ አንድም መጽሐፍ አይመጣም። ባለፈውም የሆነው ይኸው ነው።"

"ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ልሽረው ብል ማኅተሙ የእኔ አይደለም።"

ውጭ የጭነት መኪናዋ ጥሩምባ ነፋች። አራተኛው ትምህርት ቤት እየጠበቀ ነው። ልጅቷ ቀዩን መጽሐፍ በዓይኗ ትከተላለች።

"ማንበብ ፈለግሽ?"

"ባለፈው ሲመጡ ተደብቄ ስድስት ገጽ አንብቤ ነበር። ከዚያ ተጫነ። መርከቡ ይስጠም አይስጠም አላወቅሁም።"

አለቃዬ የውሰት መዝገቡን አምጡልኝ አሉ። አዲስ ነው፤ አንድም ስም አልተጻፈበትም። በመጀመሪያው መስመር ላይ የልጅቷን ስም ጻፉ፣ መመለሻውን ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አደረጉ፣ ፈረሙ። መጽሐፉን እጇ ላይ አኖሩት።

ርዕሰ መምህርቷ ብድግ አሉ። "ጋሼ! አራተኛው ጋ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይሆናል እኮ! ሊዘጋባቸው ነው!"

"ልጅቷ ታንብብ። ጫኑ እናንተ።"

ያን ቀን ንግግር አላደረጉም። መኪና ውስጥ ገብተው ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

"ያዝልኝ።"

አራተኛው ትምህርት ቤት ስንደርስ የጭነት መኪናዋ እንድትቀድመን ውጭ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ገባን። መደርደሪያው ፊት ቆመው ባዶ ዓይናቸውን አጨነቆሩ።

"ቁጠርልኝ እስቲ።"

ቆጠርኩ። መነጽሩ የደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ አልጠየቁኝም።

"ሁለት መቶ ነው ጋሼ።"

"ሁለት መቶ" ብለው ጻፉ፤ ጽሑፉም ከመስመሩ ወጥቶ ተንጋደደ።

እንግዲህ እጄ ሳይደርቅ አንዷን ውሸት ልመልስ። መነጽራቸውን ረስተውት ወጡ ያልኩት ፈጠራዬ ነው። ጠዋት ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ቀዩ መጽሐፍ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የጭነት መኪናዋ ሾፌር ጎረቤቴ ነው፤ ነገሩን ከአምና ጀምሮ አውቀው ነበር። ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ አጣሁ። ብቻ ይወቁት እንጂ እሳቸው አንድ መላ አያጡም ብዬ ነበር።

መነጽሩ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው።