ያልሰማኋት ቃል

ሰባት ዓመት በሰው አገር ኖሬ ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ ሻንጣዬ አልዘጋ አለኝ። ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ዚፑን ስጎትት፣ ክፍል የምጋራት ነርስ በሩ ላይ ቆማ ሳቀችብኝ።

"ሁሉንም ተሰናበትሽ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ሆስፒታል ካሉት በሽተኞቼ በቀር ሁሉንም።"

"የአክስትሽንም ልጅ?"

ዚፑን መጎተት ተውኩ።

የአክስቴን ልጅ እትዬ ነው የምላት። ከተኳረፍን አራት ዓመት አልፎን ነበር። ወደዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ ናት። አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከጎኗ ያስቀጠረችኝ፣ አልጋዋን ያካፈለችኝ፣ የአገሩን ቋንቋ ቃል በቃል ያስያዘችኝ እሷ ናት። የነርስ ረዳትነት ትምህርት ስጀምርም ከራሷ ፈረቃ ላይ የእኔን ደርባ ትሠራልኝ ነበር።

ትምህርቴን ሳልጨርስ እናቴ ሞተች። እኔ የሰማሁት ግን ከሰባት ወር በኋላ፣ የምስክር ወረቀቴን በተቀበልኩ ሳምንት ነው። ሰባት ወር ሙሉ ስደውል "ተኝታለች"፣ "እህቷ ጋ ሄዳለች"፣ "ስልኩ አይሰማትም" ሲሉኝ ከረሙ። እትዬ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። አብራኝ እየበላች፣ አብራኝ እየሳቀች ታውቅ ነበር። ለእናቴ ሹራብ ስገዛ "ሰማያዊው ያምርባታል" ብላ ቀለም አማርጣልኛለች። ከሁሉም አንጀቴን የቆረጠው ያ ነው።

አባቴን ሐዘንተኛ ነው ብዬ ማርኩት። ቁጣዬ ግን ማረፊያ ፈልጎ እሷ ላይ ወረደ። "አንቺ ሰው አይደለሽም!" አልኳት። ሌላም ዛሬ ልደግመው የማልፈልገውን ብዙ ተናገርኩ። ልብሴን በፌስታል ጠቅጥቄ ስወጣ፣ በባዶ እግሯ ደረጃውን እየወረደች "እንደው አንዴ ስሚኝ" እያለች ተከተለችኝ። ዞሬም አላየኋት።

ሁለት ቀን ሲቀረኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሆቴሉ ሄድኩ። ምድር ቤቱ እንደ ድሮው በእንፋሎት ታፍኗል። እትዬ የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ጋ ብቻዋን ቆማለች። ከስታለች፤ መነጽር አድርጋለች። ቀና ብላ አየችኝና እጇን ሳታቆም፣

"አንቺ ነሽ?" አለች።

"ልሄድ ነው፣ እትዬ።"

"ሰምቻለሁ። መልካም መንገድ።"

ለማታውቀው ሰው የምትናገር ነበር የምትመስለው።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ" አለችና ፈገግ ልትል ቃጣት። "በይ፣ ከመጣሽ አይቀር ያንን ጫፍ ያዢልኝ።"

አንሶላ ማጠፍ ጀመርን። እጄ አልረሳውም፤ ወጥረን፣ አራግፈን፣ ተጠጋግተን ጫፍ ለጫፍ እናገናኛለን። አሥር ያህል ካጠፍን በኋላ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ፣

"ጋሼ ነው የለመነኝ" አለች። ጋሼ የምትለው አባቴን ነው። "እናትሽ ልትሞት ስትል 'ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፤ ጥላው ትመጣለች' ብላ አስምላዋለች። የሟች ቃል ነው። ምን ላድርግ?"

ማጠፌን አቆምኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደረጃው ላይ ልነግርሽ ነበር።"

"እሱስ? አራት ዓመት ሙሉ ሲያናግረኝ?"

"እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት። አንድ አባት ነው የቀረሽ። ከእሱ ይልቅ እኔን ብትቀየሚ ይሻላል ብዬ።"

እንባዬ አንሶላው ላይ ጠብ ጠብ አለ። "ኧረ ተይ" አለችኝ፣ "ዳግመኛ ልታስተኩሺኝ ነው።" ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም።

"ነገ አብረን እንብላ" አልኳት።

"ነገ ፈረቃዬ ነው።"

"አየር ማረፊያስ? ትሸኚኛለሽ?"

ራሷን ነቀነቀች። "ያኔ ደረጃው ላይ አንዴ ሸኝቼሻለሁ። ሁለተኛ አይሆንልኝም።"

"ይቅር አላልሽኝም ማለት ነው?"

"ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል፣ የኔ እመቤት። ግን ያላንቺ መኖሩን ለመድኩት።"

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ስትገላምጠን ተሳሳምን። አንገቷ ሳሙና ሳሙና ይላል። ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ እኔም ወጣሁ። የቀረችኝን አንድ ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ በአልጋ እየዞርኩ በሽተኞቼን ስሰናበት ዋልኩ፤ ሐሳቤ ግን ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። በእኔና በእሷ ቤት መካከል የነበረው አሥራ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ብቻ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የእሷን ፌርማታ ስንቴ አልፌዋለሁ!

አገሬ ስገባ አባቴ አቅፎኝ አልቅሶ፣ አልቅሶ፣ ከወጣለት በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እሷ ነው። "ጤናዋ እንዴት ነው? አግብታለች? መቼ እመጣለሁ አለችሽ?"

"ደህና ናት" አልኩት። ያን ሁሉ አንሶላ ሳጥፍ ስለ ራሷ አንድም ነገር አልጠየቅኋትም።