ቢምቢ የተናፈቀችበት ሐምሌ

ነፋሱ ሦስት ቀን ሙሉ ሲነፍስ ከረመ፤ ቢምቢውም የረግረጉ ሣር ውስጥ ተወሸቀ። ሳቱ ደስ አላት። ከሄልሲንኪ ከተማ አጋዘን እንደ ከብት ወደሚረባበት ወደ ላፕላንድ በሙሽርነት ከመጣች ወዲህ፣ በሐምሌ ፊቷን ሳትሸፍን ደጅ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ተመስገን ነው፤ አንድም ቢምቢ የለም!" አለች።

"ዝም በይ!" አሏት አማቷ እማማ ኢንካ። "ቢምቢ ከሌለ አጋዘኑ ጫካ ለጫካ ተበትኖ ይቀራል። እሷ ስታባርረው ነው ተሰብስቦ ቢምቢ የማትደፍረው ጭሳችን ውስጥ የሚገባው። የኛ እረኛ ቢምቢ ናት፣ አንቺ የከተማ ልጅ!"

እማማ ኢንካ የተቆጡት ወደው አልነበረም። ባላቸው ኦውላ በበረዶው ወራት ሞተዋል። ከእሳቸው መንጋ የተረፈችው አንዲት ግንባረ ነጭ አጋዘን ስትሆን፣ እሷም በጸደይ ወልዳለች። ግልገሉ እናቱን እየተከተለ ሳለ ጆሮው ላይ የኦውላ የባለቤትነት ምልክት ካልተቆረጠ፣ በመኸር ከእናቱ ሲለይ የአጋዘን አርቢዎቹ ማኅበር ንብረት ይሆናል። ልጃቸው፣ የሳቱ ባል ኒላ፣ ከማኅበርተኞቹ ጋር ወንዝ ማዶ ነው። የአሮጊቷን ዓይን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል።

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል" አሉ እማማ ኢንካ። "እንግዲህ ያንቺን ዓይን እንዋሳለን።"

በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ነፋሱ ቆመ፤ አየሩም ወበቀ። አሮጊቷ ድንገት የእጅ አንጓቸውን እያከኩ ሳቁ።

"መጣች! እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ እመቤት!"

ሳቱ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬቷን ለብሳ ብቅ አለች። እማማ ኢንካ ጨርቁን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አውልቂው። ጠቆር ያለ ነገር ቶሎ ቢምቢ ዓይን ውስጥ ይገባል። የምትነክሰው ሴቷ ናት፤ ደሙን ለእንቁላሏ ትፈልገዋለች። ከሩቅ በትንፋሽሽ ታገኝሻለች፣ ቀረብ ስትል ላብሽ ይጠራታል። ጥቁር ለብሰሽ ደግሞ አታግዣት።"

ሣጥናቸውን ከፍተው የኦውላን ነጭ ካፖርት አወጡ። ኦውላ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሳቱ ለመልበስ አመነታች፤ አሮጊቷ ግን ራሳቸው አለበሷት። እጅጌውን በክር አሰሩ፣ ሱሪዋን ካልሲዋ ውስጥ ወተፉ፣ ፊቷንና አንገቷን የጥድ ቅጥራን ቀቧት።

"አሁን ሰው መሰልሽ" አሉ።

ረግረጉ ዳር እሳት አንድደው ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅለውን እርጥብ የድንጋይ ሽበት ከመሩበት። ጭሱ ወፍሮ መሬት ለመሬት ተኛ። ብዙም ሳይቆይ አጋዘኖቹ ጆሯቸውን እያራገፉ ከጫካው ወጡና ጭሱ ውስጥ ገብተው ቆሙ። ሳቱ ግን አጥርታ ማየት ስላለባት ከጭሱ ውጭ፣ ለቢምቢው ተሰጥታ መቆም ግድ ሆነባት።

"አንድ አደራ" አሏት እማማ ኢንካ ሹክ ብለው። "ብትነከሽም ፊትሽን በጥፊ እንዳትይው። ጷ! ካልሽ መንጋው በርግጎ ይሄዳል፤ ግልገላችንም አብሮ ሄደ።"

ግንባረ ነጯ መሀል ላይ ቆማለች። ችግሩ፣ አጠገቧ ሁለት ግልገሎች አሉ። የሷ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲጠባ ብቻ ነው። ሳቱ ጠበቀች። ቅጥራን ባልነካው የአንድ ዓይኗ ቆብ ላይ አንዲት ቢምቢ አረፈች። ሌላም ተጨመረች። እጇ ተነሣ። ያንን እጅ ለመመለስ የፈጀባትን ጉልበት እሷ ናት የምታውቀው። ጥርሷን ነክሳ በቀረው ዓይኗ አፈጠጠች፤ እንባዋ ቅጥራኑ ላይ ወረደ። በመጨረሻ የግራው ግልገል አንገቱን አስግጎ ጡት ያዘ።

ቀስ ብላ ጭሱ ውስጥ ገባች። ከቢምቢው የተነሣ የዛለው ግልገል ብዙም አልታገላትም፤ የኋላ እግሩን ይዛ አስተኛችው።

"ይሄ ነው፣ እማማ።"

"ለጆሮ ዓይን አያስፈልገኝም" አሉ አሮጊቷ፣ ቢላቸውን እየመዘዙ። ጆሮውን በጣታቸው ዳብሰው የኦውላን ምልክት ቆረጡ። ከዚያ በዚያው ጣት የምራታቸውን ፊት ዳበሱ። አንዱ ዓይኗ አብጦ ጠፍቷል።

ቤት ሲደርሱ ሳቱ ካፖርቱን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችና ወደ ሣጥኑ ሄደች።

"ወዴት ትወስጂዋለሽ?" አሏት።

"ወደ ቦታው ልመልሰው ብዬ ነው።"

"ተይው፣ ልጄ። አንቺው ልበሺው" አሉ። "ቢምቢ እንደሆነች ሣጥን አትነክስም።"