የታሸገው ጄኔሬተር

«ለመላው የሆስፒታላችን ማኅበረሰብ፦ ላለፉት ስድስት ዓመታት የሰው ሀብት ክፍልን በቅንነት ሲያገለግል የቆየው የኤሌክትሪክ ሻይ ማፍያ፣ የአየር ንብረት ለውጥን ለመከላከል ሲባል ከሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከሥራ የተሰናበተ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። የአረንጓዴ ሆስፒታል ኮሚቴ።»

ማስታወቂያው ማኅተም ተመትቶበት በሩ ላይ ሲለጠፍ ዳርጌ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ዳርጌ በጂንካ የሻንቆ መታሰቢያ ሆስፒታል ኤሌክትሪሺያን ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ በኮንትራት። ኮንትራቱ በየዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይሞትና፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንደሰን ደስ ካላቸው ሐምሌ አንድ ቀን ከሙታን ይነሣል።

«ማፍያው እንኳ በክብር ተሸኘ፤ እኔንስ በምን ይሸኙኝ ይሆን?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ዕድሜ አልነበረውም። ኮሚቴው ማፍያውን ካሰናበተ በኋላ ዐይኑን ጄኔሬተሩ ላይ ጣለ። ሰኔ 11 ቀን ሆስፒታሎችን የሚያወዳድሩ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ከሁሉም ያነሰ ናፍጣ ያቃጠለ ሆስፒታል ዋንጫ ይወስዳል። ስለዚህ የጄኔሬተሩ ክፍል የብረት በር በሁለት ጓጉንቸር ተቆለፈ፤ በላዩም ባለ ማኅተም ወረቀት ተለጥፎ ታሸገ። አንዱ ቁልፍ አቶ ወንደሰን ኪስ፣ ሌላው የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ዓባይነሽ ቦርሳ ገባ። ኮሚቴ ማለት እርስ በርሱ የማይተማመን ሰው ስብስብ አይደል!

ይህም አልበቃም። ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር የተተከለው ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ብቻ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማሽኑ እንዳይቆም። አቶ ወንደሰን ግን እንግዶቹ በፀሐይ ጉልበት እንዲገመግሙ ፈለጉ።

«ወደ አዳራሹ መስመር ዘርጋ» አሉት።

«ጋሼ፣ ባትሪው ለሁለት አይበቃም።»

«ለአንድ ቀን እኮ ነው! ደግሞስ ሕፃናቱ ጋ መብራት አለ አይደል?»

ጂንካ ውስጥ «መብራት አለ» ብሎ መማል ድፍረት ነው። ዳርጌ ይህን ያውቃል። ግን ሰኔ ሠላሳን አሰበና ኬብሉን ዘረጋ። በገዛ እጁ።

ሰኔ 11 ማክሰኞ ዋለ፤ ሰማዩም ከጠዋት ጀምሮ እንዳኮረፈ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት ማራገቢያና ውሃ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ባትሪውን እየጠጡ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የከተማው መብራት ድርግም አለ።

ዳርጌ ባትሪው ያለበት ኮሪደር እየሮጠ ደረሰ። መቆጣጠሪያው ሃያ ሁለት በመቶ ይላል። ሲያየው ሃያ አንድ ሆነ።

«ጋሽ ዳርጌ!» ሲስተር ቤቴል ናት፤ ከሕፃናቱ ክፍል አንገቷን አውጥታ። «ማሽኑ እየደከመ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ደግሞ ሊሞላ ከሄደ አራት ቀኑ።»

ገባ። ውስጥ አንድ ሕፃን ብቻ ነው ያለው፤ በሰባት ወሩ የተወለደ፣ ገና ስም ያልወጣለት። እናቱ ሶሲ ከካኮ በባጃጅ ያመጣችው ከሦስት ቀን በፊት ነው። እግሩ ላይ የታሰረው የኦክስጅን መለኪያ ሰማንያ ስምንት ያሳያል። ከዘጠና በታች ጥሩ እንዳልሆነ ዳርጌም አራት ዓመት ሰምቶታል። ሶሲ እንደ ሐኪም ማሽኑን አላየችም፤ ዳርጌን ነው ያየችው።

ስልኩን አወጣ። ለወይዘሮ ዓባይነሽ ጥሪው ከሦስት ሙከራ በኋላ ገባላት። ከበስተጀርባዋ ፍየል ይጮኻል።

«እትዬ፣ የጄኔሬተሩ ቁልፍ የት ነው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነዋ!»

«ቦርሳው የት ነው?»

«እኔ ጋ! አልዱባ ገበያ ነኝ። ማክሰኞ አይደል እንዴ? ማር ላምጣልህ?»

ስልኩ ተቋረጠ። ከአልዱባ ጂንካ ድረስ መኪና ቢበር እንኳ ሕፃኑ አይጠብቅም። የብረት በሩን መስበርም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አዳራሹ ደረሰ። አቶ ወንደሰን ማይክ ይዘው «ካርበን ጠላታችን ነው» እያሉ ነው። ዳርጌ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው «ሕፃኑ አየር እያጠረው ነው፣ አዳራሹን ላጥፋው» አላቸው። ማይኩን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሁለት ስላይድ ነው የቀረኝ።»

«ጋሼ...»

«ሁለት ስላይድ አልኩህ! ስንት ይሆናል? አምስት ደቂቃ።» ፈገግታቸው ሳይበተን ጥርሳቸውን ነከሱ። «ሰኔ ሠላሳ መቼ እንደሆነ ታውቃለህ?»

ያውቃል። ሦስት ልጆች አሉት፤ የሦስቱም ሆድ ከሰኔ ሠላሳ ጋር በአንድ ገመድ የታሰረ ነው። እግሩ ወደ ኮሪደሩ ሲመለስ የሌላ ሰው እግር መሰለው።

አሥራ አራት በመቶ። ማሽኑ ያለ ማቋረጥ መጮኽ ጀመረ። ሲስተር ቤቴል አየር መስጫውን የጎማ ፊኛ ሕፃኑ አፍ ላይ ደፍታ በሁለት ጣቷ እየጨመቀች ትቆጥራለች፤ ላቧ ከግንባሯ ይንጠባጠባል። «ሰባ ዘጠኝ» አለች ዞር ሳትል። «ጋሽ ዳርጌ፣ ሰባ ስድስት። ጌታ ሆይ... ሰባ አራት።»

ሶሲ የዳርጌን እጅጌ ያዘች። «ልጄ ዝም አለ» አለችው፣ በዝግታ፣ አማርኛውን እየመረጠች።

ዳርጌ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የአዳራሹ መስመር ማጥፊያ ሳጥን ዘለለ። እጁ ገና ሳይደርስ አቶ ወንደሰን ተከትለውት መጥተው ኖሮ በፊቱ ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሳጥኑ ላይ ለጥፈው፣ የተከፈተው የሳጥኑ ክዳን ክራቫታቸውን ነክሶባቸው።

«ውጤቱ የሆስፒታሉ ነው እኮ! የሁላችን ነው!» አሉ።

«ዘወር ይበሉ ጋሼ።»

«ከነካኸው...»

ዳርጌ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ እጁን ሰደደ። በሕይወቱ አለቃ ገፍቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ገፋ። ቀጭ አደረገው። አዳራሹ ጨለመ፣ ድምፅ ማጉያው ጉሮሮው እንደተያዘ ሰው አቃሰተና ዝም አለ።

ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ የሲስተር ቤቴል ድምፅ ብቻ ቀረ። «ሰባ አምስት። ሰባ አምስት ላይ ቆሟል።» ማሽኑ ጩኸቱን አቆመ፤ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። «ሰማንያ። ሰማንያ ሦስት... ቆይ... ዘጠና አንድ!» ሕፃኑ እንደ ጫጩት በቀጭኑ አለቀሰ። ሶሲ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ዳርጌ ግድግዳውን ተደገፈ። ከአዳራሹ በኩል እሱ የጠበቀው ጩኸት ነበር፤ የመጣው ግን ጭብጨባ ሆነ፤ የሲስተር ቤቴል «ዘጠና አንድ!» እስከዚያ ተሰምቶ ኖሯል። የገምጋሚዎቹ መሪ ዶክተር ናርዶስ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ፣ ሁለት ባልደረቦቿን አስከትላ ከች አለች። የሕፃናቱን ክፍል አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ ክራቫቱ የተጠመዘዘውን አቶ ወንደሰንን አየች።

«ግሩም ነው!» አለች። «የኃይል እጥረት ሲኖር ስብሰባውን አጥፍቶ ለሕሙማን ቅድሚያ የሚሰጥ ሲስተም! በተግባር ነው ያሳያችሁን። ይሄ እኮ ምርጥ ተሞክሮ ነው።»

አቶ ወንደሰን እየሰመጠ እንዳለ ሰው የተወረወረላቸውን ገመድ ያዙ። «አዎ! አዎ፣ በእቅድ... በኮሚቴው የታቀደ ነው። ዳርጌ ነው ባለሙያው። ከሐምሌ ጀምሮም ቋሚ ሠራተኛችን ይሆናል።» የመጨረሻውን ቃል ሲናገሩ ዳርጌን በዐይናቸው ለመኑት።

ዶክተር ናርዶስ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። «እንግዲህ አቶ ዳርጌ፣ ለሌሎች ሆስፒታሎች እናሰራጨዋለን። እንዴት እንዳቀዳችሁት ቢያብራሩልን?»

ዳርጌ አቶ ወንደሰንን አየ። ሶሲን አየ። ራሱ የዘረጋውን ኬብልም አየ። ቢዋሽ ሶሲ ትሰማለች፤ እውነቱን ቢናገር ቋሚው ሥራ የለም።

«አላብራራም» አለ።

«ለሪፖርቱ ያህል፣ በአጭሩ...»

«በአጭሩም አላብራራም።»