ፌንጣ እስክትመጣ

መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ተማሪው መሪውን ጨብጦ ወደ ግንብ ሲገሰግስ በእኔ በኩል ያለውን ፍሬን እረግጣለሁ፣ አፌ እንዳመጣልኝ እቆጣዋለሁ፣ ከዚያ እንቀጥላለን። ዕድሜዬን የጨረስኩት እንዲህ ነው። ሠፈር ውስጥ "ይቺ ሴትዮ ምን ያቅታታል" እባላለሁ። አባቴን ማጉረስ አቃተኝ።

መብላት ያቆመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሥጋ ተወ፤ ጥርሱ ነው አልን። ቀጥሎ ዳቦ ተወ፤ ጉሮሮው ነው አልን። በመጨረሻ ማንኪያ ሲያይ ከንፈሩን ግጥም ማድረግ ጀመረ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ዘፈንኩለት። አንድ ቀን እንደ ሕፃን አፍንጫውን ይዤ ላጎርሰው ስሞክር ገንፎውን ፊቴ ላይ ተፋው፤ አበጀ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። አንዳንድ ቀን ልጁ መሆኔን ያውቃል፣ "አንቺ" ይለኛል። ብዙ ቀን ግን "እሜቴ" ብሎ በአንቱታ ያናግረኛል፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ጨዋ ይሆናል። ያን ቀን ማጉረስ የባሰ ይከብዳል፤ የማያውቃት ሴት አፉ ውስጥ ማንኪያ ብትከት ማን ዝም ይላታል?

ሐኪሙ ክብደቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "እስከ ሰኞ በራሱ መብላት ካልጀመረ አስተኝተን በአፍንጫው ቱቦ እናስገባለታለን" አለኝ።

"ይነቅለዋል" አልኩት። ባለፈው የግሉኮስ መርፌውን እንዴት መንጭቆ እንደጣለው አይቻለሁ።

"እጁን እናስረዋለን።" ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያለውን ነው የነገረኝ።

አባቴ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበር። የመቁረጫው ማሽን ስለት የስንቱን ሠራተኛ ጣት ወስዷል፤ እሱ ግን አሥሩንም ጣቶቹን ይዞ ጡረታ ወጣ። ሰው ሁሉ በልጁ፣ በቤቱ ሲኮራ እሱ በጣቶቹ ይኮራ ነበር። ማሽኑ ያልነካቸውን እጆች ሰው አልጋ ላይ ሲያስራቸው ማየት አልችልም። ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት እንደለመድኩት ማንኪያ ይዤ ስጨቀጭቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ "እዚህ አልበላም። ማዶ እበላለሁ" አለ።

ማንኪያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ማዶ ማለት ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለ ካፍቴሪያ ነው። ትክክለኛ ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል፣ ግን ማንም አንብቦት አያውቅም። ሠራተኛው "ማዶ ልሻገር" ካለ ምሳ ሊበላ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ስለሆነ ቤት ውስጥ ምሳ የሚሠራልኝ ሰው አልነበረም። የስድስት ሰዓቱ ደወል ሲደወል እኔ ከትምህርት ቤት እየዘለልኩ፣ አባቴ ከማሽኑ ተነስቶ፣ ማዶ እንገናኛለን። ሁልጊዜ የሚቀድመው እሱ ነው። ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ከፊቱ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የምስር ሾርባ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ዳቦና ሻይ። ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ የሻዩን ማስቀመጫ ሳህን ይከድንበታል። እኔ ካልመጣሁ አይቀምስም። በሩን ስከፍት "መጣች ፌንጣዬ!" ይላል፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። ትንሿን ሳህን ሲያነሳት እንፋሎቱ ፊቴን ይሞቀዋል። እናት ያላቸው ጓደኞቼ ምሳቸውን ቋጥረው ይዘው ይመጡ ነበር። አዝንላቸው ነበር፣ እውነቴን ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ካፖርቱን አልብሼ "ተማሪ" የሚል ሰሌዳ ባናቷ ላይ የተሸከመችው መኪናዬ ውስጥ አስገባሁት። የተቀመጠው እኔ ዘወትር በምቀመጥበት በኩል ነውና፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ ጭኖ ሁለት ጊዜ መሃል መንገድ ላይ ገተረን። ከኋላችን ያለው ሹፌር እናቴን አንስቶ ሲሰድበኝ ጣቴን ወደ ሰሌዳው ቀሰርኩለት። አባቴ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት፣ ልቤም ተስፋ አደረገ።

ማተሚያ ቤቱ የሶፋ መጋዘን ሆኗል። ማዶም እንግዲህ ፈርሶ የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆኖ ይጠብቀናል ብዬ ነበር፤ ግን አለ። እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከወገቡ በላይ ክሬም የተቀባው ግድግዳ፣ ሳህን የሚተላለፍበት የወጥ ቤቱ መስኮት፣ ሲጢጥ የሚሉት የብረት ወንበሮች፤ መቀመጫቸው ብቻ በአዲስ ፕላስቲክ ተለብጧል። ሽታው እንኳ ያው ነው፣ የተቀቀለ ምስርና የወለል ሳሙና። እንደ ሞኝ በሩ ላይ ቆሜ አሸተትኩ፣ ሆዴ ባባ።

አባቴ ግን አልቆመም። እጄን ለቆ፣ ወገቡን ቀና አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። የጠረጴዛውን ገጽ እንደ ወረቀት በመዳፉ ዳበሰና "ቶሎ!" ብሎ ተጣራ።

ቶሎ አስተናጋጁ ነው። "ቶሎ ይመጣል" ብሎ የሄደ ዕለት ተመልሶ ስለማይመጣ የወጣለት ስም ነው። አሁን አርጅቶ ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጧል፣ ቤቱን የምታስተዳድረው የልጁ ሚስት ናት። አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየና ከወንበሩ ተነሳ። "ጋሼ ቆራጩ! በሕይወት አለህ እንዴ አንተ?"

"እንደ ሁልጊዜው" አለው አባቴ፣ ትናንት እንደተለያዩ ሁሉ።

ቶሎ ዞር ብሎ አየኝ። "አንቺስ ፌንጣዋ ነሽ? ውይ፣ ምን ያህል ሴትዮ ሆንሽ!" አለኝ። ለምን እንደመጣን በሹክሹክታ ነገርኩት፤ ሰኞን፣ ቱቦውን፣ የእጁን መታሰር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እዚህማ ይበላል፣ ምን ነካሽ" አለና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ።

ሾርባው መጣ። ዳቦው፣ ሻዩ፣ ሁለቱ ማንኪያ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። የአባቴ እጅ ወደ ሳህኑ ተዘረጋ። ሻዩን አነሳ። ማስቀመጫዋን ሳህን ከሥሩ መዝዞ፣ በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ፣ ሾርባው ላይ ከደናት። ከዚያ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩን በሩን ያይ ጀመር።

ያኔ ገባኝ፣ ክው አልኩ። የት እንዳለ በደንብ አውቋል። ችግሩ ማወቁ ነው።

ከፊቱ ካለው ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል እጁን አነሳ። "ይቅርታ እሜቴ፣ ሰው አለበት።"

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። ፌንጣ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፤ የጫማዬን ቁጥር፣ የወገቤን ስፋት፣ የሸበተውን ፀጉሬን። ከዚያ ጨዋ ፈገግታ አሳየኝ። "ቀልድ ያውቃሉ እሜቴ" አለ። ቶሎ ከት ብሎ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አፉን በፎጣው ያዘ።

ምን ላድርግ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ቦርሳዬን እንደ ደብተር መያዣ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት፣ በሩን በርግጄ፣ ያኔ እንደማደርገው ደፉን በአንድ እግሬ ዘልዬ ገባሁ። ጉልበቴ ቀጭ አለ። ምሳቸውን የሚበሉት ሰዎች ማንኪያቸውን አንጠልጥለው ቀሩ፤ አንዱ "እቺን ደግሞ ምን ነካት?" ሲል ሰማሁት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ አንገቱን ወደ ጎን አዘመመ፣ እኔን ሊያይ ሳይሆን እኔን አልፎ ሊያይ።

"እሜቴ፣ ካላስቸገርኩ፣ በሩን ከለሉብኝ።"

ገለል አልኩለት። ተማሪዎቼ ይህን ቢያዩ የስንት ዘመን ስድቤን በተበቀሉኝ።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ የቶሎ ነው። የልጅ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥታ ወጥ ቤት ውስጥ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች "ሂጂ እስቲ አባባ ጋ ተቀመጪ፣ እንብላ በያቸው" ብሎ ላካት። ልጅቷ ምኗም ሳይገባት ሄዳ ተቀመጠች። የአባቴ ፊት በራ። በራና ደግሞ ለዘብ አለ።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

"የጋሽ ቶሎ የልጅ ልጅ።"

"በላሽ?"

"ኧረ አልበላሁም።"

ትንሿን ሳህን አነሳ። ማንኪያ ሰጣት፣ ዳቦውን ቆርሶ ሾርባው ውስጥ ነከረላት። "ብዪ የኔ ልጅ፣ ብዪ። እኔ የምጠብቃት አለችኝ።" እስክትጨርስ በፍቅር ተመለከታት። አንዲት ማንኪያ እንኳ አልቀመሰም። ቶሎ ሌላ ሾርባ ሲያመጣለት አመሰገነና እሱንም ከደነው።

የሰው ልጅ በሰው ልጅ ቢለወጥለት ኖሮ ባልከፋኝ። አልለወጠኝም። እንደዚህ የሚወደኝ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ በእኔ ምክንያት ጦሙን ይውላል፣ እኔ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጬ ሰው አለበት የተባለውን ወንበር አያለሁ። በዚህ በኩል ፍሬን የለም።

ምሳ በላተኛው ወጣ። የቶሎ ምራት ወለሉን አጠበች፣ ወንበሮቹን እየገለበጠች ጠረጴዛ ላይ ሰቀለች፣ የእኛን ብቻ አልነካችም። ሻዩ ቀዘቀዘ። "አባዬ፣ እንሂድ" ስለው ደነገጠ።

"የት እሄዳለሁ? መጥታ ብታጣኝስ? ታለቅሳለች እኮ። ብቻዬን ነው ያለኋት።"

ጥቂት ቆይቶ መንቆራጠጥ ጀመረ። "ምን አገኛት? እንዲህ አትዘገይም። መንገዱን ስትሻገር እየዘለለች ነው፣ ብያታለሁ፣ አትሰማም።" ጠረጴዛውን ተደግፎ ሊነሳ ሲሞክር እግሩ ከዳው። ሾርባው ተንገጫገጨ። "መኪና ገጭቷት ነው" አለ፣ ድምፁ ተሰበረ። የሚኮራባቸው አሥሩ ጣቶች ካፖርቱን ጨምድደው ይንቀጠቀጣሉ። ቶሎ ፊቱን አዞረ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ እጆቹን ያዝኳቸው። "ደህና ናት" አልኩት። "ከትምህርት ቤት መምጣቴ ነው፣ አይቻታለሁ። ዛሬ ምሳ እዚያው አብልተዋቸዋል።"

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። "በልታለች?"

"በልታለች።"

"ምን በላች?"

"ሾርባ። በዳቦ።"

"ዳቦውን ነክራ?"

"ነክራ።"

"ጠግባለች?"

"ጠግባለች።"

በረጅሙ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ፣ መንቀጥቀጡ ተወው፣ ፊቱ ያ የማውቀው፣ በሩን ስከፍት የማገኘው ፊት ሆነ። "ተመስገን" አለ። "እሷ ከበላችማ እኔም ጠገብኩ።"

ቶሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እኔም ያልኩትን ገና ያን ጊዜ ሰማሁት። ግን ቃል ከአፍ ከወጣ ወዴት ይመለሳል? "ትንሽ ብቻ፣ አንድ ማንኪያ" አልኩት።

"ሆዴ ሙሉ ነው" አለ፣ ደስ ብሎት። ከዚያ ቁጢጥ ማለቴን አስተዋለና አፈረ። "ወለል ላይ ምን ያደርጋሉ እሜቴ? ይነሱ እንጂ። እርስዎ ራስዎ ምሳ አልበሉም፤ ፊትዎ ያስታውቃል። ይቀመጡ።" ከፊቱ ያለውን ወንበር አመለከተኝ፣ አሁን ሰው የለበትም። ትንሿን ሳህን አነሳ፣ ሾርባውን ወደ እኔ ገፋ፣ ማንኪያውን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ አቀበለኝ።

በላሁ። ምን ላድርግ? ቀዝቅዟል፣ እንባዬም እየገባበት ጨው ጨው ይላል። አባቴ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ማንኪያዬ ሲወጣና ሲወርድ እያየ፣ በየጉርሻው ራሱን ይነቀንቅልኛል።

በመሃል ሆዱ ጮኸ። ባዶ ሆድ እንደሚጮኸው፣ ረጅም ጩኸት። ቤቱ ጭር ብሎ ስለነበር ሦስታችንም ሰማነው።

ቅንድቡን አንስቶ ሳቀ። "የማን ሆድ ነው?"

"የኔ ነው" አልኩት።

"አላልኩም? ርቧቸዋል!" አለና ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞሮ ተጣራ። "ቶሎ! ለእሜቴ አንድ ሾርባ ጨምርላቸው፣ ትኩሱን!"