የዘይቱ መርፌ

ቅዱስ ገብርኤል የዘይቱ ጌጅ ላይ ተቀምጧል።

ጀማነህ ሄልሜቱ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ሥዕሉ የትም አልሄደም። መልአኩ ሦስቱን ልጆች በክንፉ ሸፍኖ፣ ከሥሩ ነበልባሉ እየተንቦገቦገ፣ አራቱም ማዕዘን በፕላስተር ተጣብቆ፣ መርፌዋ የምትወጣ የምትወርድበትን ክብ መስታወት ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። በግራ የውሃው ሙቀት ይታያል። በቀኝ የዘይቱ ግፊት ይታያል። መሐል ላይ ያለው የዘይቱ ሙቀት፣ ሞተር ሊሞት ሲል የሚያሳብቀው እሱ ግን፣ የለም።

«ጋሼ፣ ይሄን እዚህ ጋ ማን ለጠፈው?»

«ባለቤቴ ላቀች ናታ!» አሉ ጋሼ ግርማቸው ጓንታቸውን እየሳቡ። «መኪናዋን ጸበል ያስረጨን ቀን። ኤፕሪል ላይ።»

ኤፕሪል። ሞተሩ የተቃጠለው ሜይ ላይ ነው።

«እኔ ጋ ስትመጣ አልነበረም እኮ።»

«ጋራዥ ስትገባማ ትነቅለዋለች። በግሪስ እጅ እንዳይነካ ብላ።»

ጀማነህ እጆቹን አየ። ትናንት ማታ በሳሙና፣ በአመድና በሎሚ ፈትጓቸዋል፤ ትንሽ ቢጨምር ኖሮ አጥንቱ ላይ በደረሰ ነበር። እነዚያን ሦስት ጌጆች የገጠመው በእነዚህ እጆች ነው። ዳሽቦርዱ ሥር ተጣጥፎ ገብቶ፣ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ለመቆም ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። የገጠማቸውም ሰውዬው እንዲያዩአቸው ነበር።

ደሙ ከእግሩ ተነስቶ ጆሮው ላይ ደረሰ። ሦስት ወር ሙሉ ኮሎምበስ ከተማ ላይ ያልተባለው ነገር የለም። ወሬው ሞርስ ሮድ ላይ ሲነሳ ጀማነህ ሞተሩን ሲገጥም አንዲት ብሎን ተርፋው ነበር፤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ብሎኗ አንድ ባልዲ ሞላች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ጀማነህ አንዱን ፒስተን ረስቶ በፋንታው የሻይ ብርጭቆ እንደከተተ የሚምል ሰው ተገኘ። ደንበኞቹ ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ መኪናቸውን ከዓይኑ የሚደብቁ ይመስሉ ጀመር። የወሬው ምንጭ ጋሼ ግርማቸው ነበሩ። እሳቸው ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ የሆም ኬር ድርጅት ባለቤትና፣ ከሁሉ የከፋው፣ የጀማነህ ልጅ የክርስትና አባት ናቸው። አበ ልጅን ማን ይሞግታል? ጀማነህ አንገቱን ደፍቶ ሞተሩን እንደ አዲስ ሠራ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዋ እንደገና የውድድር ትራኩ ላይ ስትወጣ አጠገባቸው እንዲቀመጥ።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ መነሳት አለበት።»

«ገብርኤልን ልታነሳ? እሱ እኮ ነው ከእሳት የሚያወጣ!»

«ገብርኤል ልጆቹን ያወጣቸው እሳቱን አይቶ ነው። እርስዎ እሳቱን በእሱ ከልለው ነው የሚነዱት።»

ጋሼ ግርማቸው ጓንታቸውን እንደገና ሳቡ። ጀማነህ አማተበ፣ ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠ፣ ሥዕሉን ሊስም ሲል ሄልሜቱ ከለከለው፤ የሄልሜቱን ግንባር በአክብሮት አስነክቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከሥሩ መርፌዋ ብቅ አለች፤ ሁለት መቶ ፋራናይት ላይ። ገና ትነቃለች።

አረንጓዴውን ባንዲራ የያዘው ልጅ እጁን አወናጨፈና ወጡ።

አጥሩ ጋ ከአዳራሹ ሰዎች ሁለቱ፣ ወርቁና ዘካርያስ፣ ቆመዋል። ሪከንባከር መጋዘን የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ ሳይተኙ፣ አንድ ሰዓት ነድተው ነው የመጡት። ለምን እንደመጡ ጀማነህ ያውቃል፤ የጀማነህ ሞተር ዳግመኛ ሲጨስ ለማየት ነው። ዘካርያስ ስልኩን ከወዲሁ ከፍ አድርጎ ይዟል።

የመጀመሪያው ዙር ደህና ነበር። ሁለተኛውም። ሞተሩ የሚዘምረው ጀማነህ እንዳስተማረው ነው፤ ያለ አንዳች ስንጥቅ፣ ያለ አንዳች ማንኳኳት። የውሃው መርፌ ሁለት መቶ አሥር፣ የዘይቱ ሁለት መቶ አርባ። ጀማነህ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ትንሽ ቀለለለት።

ሦስተኛው ዙር ላይ ከኋላቸው አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና መጣች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ፈጣን ሲመጣ በመስኮት እጅ አውጥቶ ማሳለፍ። ጋሼ ግርማቸው እያጉረመረሙ እጃቸውን አወጡ። ቀይዋ በጎናቸው ስታልፍ የምትነዳው ሴት ዞራ ፈገግ አለች። በሄልሜቷ ሥር ነጭ ጸጉር ይታያል። ሰባ ቢያንሳት ሰማንያ ይሆናታል፤ የጋሼ ግርማቸው እናት፣ የጀማነህ አያት ትሆናለች።

«አሮጊት!» አሉ ጋሼ ግርማቸው። «አሮጊት አለፈችኝ!»

«ትለፍ ጋሼ። ዛሬ ውድድር አይደለም።»

«ዘካርያስ እየቀረጸ?»

ነዳጅ ረገጡ። ኩርባው ላይ ጎማው ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው መንገዱንም አላዩ፣ ጌጁንም አላዩ፤ የሚያዩት የቀይዋን ቂጥ ብቻ ነው። መርፌዋ ሁለት መቶ ስልሳን አለፈች። ውጭ የኦገስት ፀሐይ አስፋልቱን እንደ ምጣድ አግላዋለች።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ሰባ ገብቷል። አንድ ዙር ቀዝቀዝ ያድርጉ።»

«ዝም በል!»

«ሁለት መቶ ሰማንያ! ዘይቱ ይቀጥናል፣ ብረት ብረትን ይበላል!»

«መርፌ አይነዳኝም እኔ!» አሉ። «መኪና የሚነዳው በጆሮ ነው!»

ጀማነህ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጣለ።

መታዘዙ አልነበረም። የሆነ ክፉ ነገር ተነስቶ አነጋገረው። ተወው፣ አለው። ሁለት ዙር ብቻ ታገሥ። ይቃጠል። ይሄኔ አንተ ውስጡ ተቀምጠሃል፤ በዓይንህ አይተሃል። አምቡላንስ እንደተጠራ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ፣ ሰውዬው በእግራቸው እየተጎተቱ ይውጡ። መርፌዋ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ነካች። ጀማነህ ምላሱ መረረው። ደስ ሊለው ነበር፤ ለአንዲት ኩርባ ያህል ደስ ብሎትም ነበር።

ከዚያ ሞተሩን ሰማው። ድምፁ ገና አልተለወጠም፤ ይዘምራል። የታዘዘውን ሁሉ እየሰጠ ነው፤ ውሃ እየጠማው፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው። እያንዳንዷን ብሎን በልኳ ያጠበቃት እሱ ነው። በሰው ትዕቢት ይሄ ይቃጠል?

እጁን ዘረጋና ሂተሩን እስከ መጨረሻው አዞረው። የሞተሩ ውሃ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ሁለተኛ በር እሱ ነው፤ ወደ ሰዎቹ።

ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ አፍ ፊታቸው ላይ ተከፈተ።

«አበድክ እንዴ! በኦገስት ሂተር? ልትቀቅለኝ ነው?»

ጋሼ ግርማቸው ሊያጠፉት እጃቸውን ሰደዱ። ጀማነህ ቁልፉን በመዳፉ ሸፈነው። ጣታቸው ጣቱ ላይ አረፈ፤ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእኚህ ሰው ወንበር ሲለቅ፣ ትከሻ ሲስም፣ «እሺ ጋሼ» ሲል የኖረ ሰው እጅ ነው።

«ነዳጁን ይልቀቁት» አለ። «ማርሽ ከፍ ያድርጉ፣ ፍሬን አይንኩ። ዝም ብላ ትንሸራተት፣ ንፋስ ይግባላት። አለዚያ አብረን እንቀቀላለን።»

ላብ በጋሼ ግርማቸው አፍንጫ ተንጠባጠበ። ጫማቸው ውስጥ እግራቸው ሊበስል ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ እግራቸውን አነሱ። መኪናዋ ትንፋሿን የለቀቀች መሰለች። ቀይዋ ራቀች፣ አነሰች፣ ከዛፎቹ ጀርባ ጠፋች።

ሁለት መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ ሰባ አምስት።

ከሩቁ ኩርባ ላይ፣ አጥሩ ከማይታይበት፣ ጋሼ ግርማቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ተናገሩ።

«ሞተሩ የተቃጠለ ቀንም አይቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የውሃውን መርፌ። ሁለት መቶ ስልሳ ገብቶ ነበር። ቀዩ መብራትም በርቶ ነበር። ዘካርያስ አጥሩ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ምን ብዬ ልውጣ? መርፌ ፈርቼ ወጣሁ ልበል?»

ጀማነህ ዓይኑን ከመርፌዋ ላይ አነሳ። ሂተሩ ፊቱ ላይ ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ግን ከዚያ አልነበረም። አይተዋል። ሦስት ወር ሙሉ፣ ባልዲው ሲሞላ፣ ብርጭቆው ሲከተት፣ ሰውዬው እያወቁ አዳራሹ መሐል ተቀምጠው ሲስቁ ነበር።

ከትራኩ ወጥተው መቆሚያው ፒት ገቡ። ወርቁና ዘካርያስ እየሮጡ መጡ።

«ምነው ጋሼ? ገና አሥር ደቂቃ አልሞላ! እንደገና ፈላች?» አለ ወርቁ። ዓይኑ ጀማነህ ላይ ነው።

ጋሼ ግርማቸው ሄልሜታቸውን አወለቁ። ጸጉራቸው ገላውን እንደታጠበ ሰው ተጣብቋል። ወደ አጥሩ አዩ፣ ወደ ስልኩ አዩ፣ ደረታቸውን ነፉ።

«የት ትፈላለች! ትንሽ ሞቅ ስትልብኝ ጊዜ ሂተሩን ከፈትኩት። የድሮ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ በወያኔ ጊዜ በአንድ ሎንቺና ቃሊቲ ድረስ የሄድኩበት ነው። ይሄ ልጅማ፣» የጀማነህን ትከሻ መታ መታ አደረጉ፣ «ፈርቶ ሊሞት ነበር።»

ወርቁ ሳቀ። ዘካርያስም ሳቀ።

«ሞተሩን እንዳያጠፉት» አለ ጀማነህ። «ቆሞም ትንሽ ይሥራ፤ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።» በሩን ከፍቶ ወረደ። መኪናዋን ዞሮ፣ በሌላው በር የወረዱት ጋሼ ግርማቸው ፊት ቆመ። አዳራሽ ቢሆን ኖሮ በዚህ ርቀት ላይ አንገቱ ራሱ ጎንበስ ይል ነበር።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ኩርባው ላይ ያሉኝን ለወርቁ ይንገሩት።»

«ምን አልኩህ?»

«እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። እኔ ብነግረው አያምነኝም።»

«ጀማነህ፣ ተው እንጂ! አበ ልጅ ነን እኮ።»

«አበ ልጅ ስለሆንን ነው የምጠይቅዎት። ሌላ ሰው ቢሆኑ እኔ ራሴ ተናግሬው እሄድ ነበር።»

የዘካርያስ ስልክ ቀስ እያለ ዝቅ አለ። ጋሼ ግርማቸው እጃቸውን መኪናዋ ጣሪያ ላይ ጣል አደረጉ፤ አቃጠላቸውና መልሰው አነሱት። ጀማነህ ዓይኑን አልሰበረም። ከጀርባቸው ሞተሩ ያለ አንዳች ማንኳኳት ይሠራል።

«እ... ሜይ ላይ፣ የውሃው መርፌ...» አሉ ጋሼ ግርማቸው።

ወርቁ፣ በሞተሩ ድምፅ መሐል ለመስማት፣ አንድ እርምጃ ቀረበ።